ደጋግሞ የመሥራት ጥበብ፦ የዚልበርማን ቤተሰብና ኦርጋኖቹ

በሴፕቴምበር 1746 ሁለት አዛውንቶች በጀርመኗ የናውምቡርግ ከተማ፣ በቅዱስ ዌንዜል ቤተ ክርስቲያን አዲስ የተተከለ ኦርጋን ሊመረምሩ ተገናኙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ነው። ሌላው በሳክሶኒ ምድር ስሙ ከማንም የኦርጋን ሠሪ በላይ የሚጠራው ጎትፍሪድ ዚልበርማን ነው። ሥራው የሚመረመርበት ዛካርያስ ሒልደብራንት ደግሞ የዚልበርማን ደቀ መዝሙር የነበረ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ከመምህሩ ጋር በሕግ የተሟገተ ሰው ነው። ቂም ቢፈለግ ምክንያቱም አጋጣሚውም ነበር። መርማሪዎቹ ግን በጋራ ፈርመው ለከተማው ምክር ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ በውሉ የተዘረዘረው ሁሉ መሟላቱን፣ እያንዳንዱ ክፍል በትጋት መሠራቱን መሰከሩ። አንድ ነገር ብቻ አከሉበት። ሒልደብራንት ኦርጋኑን ከረድፍ ረድፍ አንድ ጊዜ እንደገና ይየው፤ የቧንቧዎቹ ድምፅም የቁልፎቹ አሠራርም ይበልጥ ወጥ ይሁን አሉ።

ስለ ዚልበርማን ቤተሰብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህችን ማሳሰቢያ ዘልሎ ያልፋል። ሁለት ትውልድ ሙሉ፣ በአልዛስና በሳክሶኒ፣ ከ100 በላይ ኦርጋኖችን የሠራ ቤት ስለሆነ ሰው የሚፈልገው ምሥጢር ነው፤ የብረት ቅይጥ ምሥጢር፣ የእንጨት ምሥጢር፣ በተፈጥሮ የተሰጠ ጆሮ። እኔ ግን ምሥጢር የሚባለው ነገር በአደባባይ፣ በውልና በምርመራ ጽሑፍ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ዚልበርማኖች የታወቁት አዲስ ነገር በመፍጠር ሳይሆን አንድን ጥሩ ነገር ከመሥራት ባለመሰልቸት ነው። ወጥነትን ከድንቅነት አስበለጡ፤ ያንን ወጥነትም በቃል ሳይሆን በልኬት፣ በፊርማና በማስታወሻ ደብተር አስጠበቁት። ክርክሬ ይህ ነው፤ ተቃውሞ እንደሚነሣበትም አውቃለሁ፤ ጥቂቶቹ ተቃውሞዎች በእርግጥም ጠንካራ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው። በአዲስ አበባ «ኦርጋን» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ነው። ባለቧንቧው ኦርጋን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጧቸው ስጦታዎች መካከል እንዲህ ያለ መሣሪያ ይገኝበት ነበር፤ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። ትልልቅ ወናፎች አየር ይሞላሉ፤ በዚያ ዘመን ወናፎቹን የሚረግጡት ሰዎች ነበሩ። አየሩ በእንጨት መተላለፊያ አልፎ ቧንቧዎቹ ወደተተከሉበት የንፋስ ሳጥን ይገባል። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ተያይዘው ከቧንቧው ሥር ያለችውን ክዳን ይስባሉ፤ አየሩ ገብቶ እንደ ዋሽንት ያስጮኸዋል። ዋሽንት በጣት ተከፍቶና ተዘግቶ ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ የኦርጋን ቧንቧ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ቧንቧ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በተርታ የሚቆሙት ቧንቧዎች አንድ ረድፍ ይባላሉ፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ረድፍ በመሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። አርባ ረድፍ ያለው ኦርጋን ማለት ከ2000 በላይ ቧንቧ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ከአፋቸው በቢላ ተቆርጠው፣ ተሞርደው፣ ድምፃቸው ተገርቶ ከጎረቤታቸው ጋር መስማማት አለባቸው። አንዱ ጎልቶ ሌላው ቢደክም ዜማው በየመሃሉ ይሰናከላል። ባኽና ዚልበርማን በናውምቡርግ ወጥነት ያሉት ይህንን ነው።

የቤቱ ታሪክ የሚጀምረው ከአናጢ ነው። ሚካኤል ዚልበርማን የሚባለው አባት በሳክሶኒ፣ በፍራውንሽታይን አቅራቢያ በምትገኝ ክላይንቦብሪች የምትባል መንደር ይኖር ነበር። ልጆቹ አንድሬያስ በ1678፣ ጎትፍሪድ በ1683 ተወለዱ። አንድሬያስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ወደ አልዛሷ ከተማ ስትራስቡርግ ሄዶ የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ታናሽየውም ተከተለው። ስትራስቡርግ የምትናገረው ጀርመንኛ፣ የምትገዛው በፈረንሳይ ንጉሥ ነበረች፤ የኦርጋን ጥበቡም እንዲሁ ድንበር ላይ ነበር። አንድሬያስ ከ1704 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ፓሪስ ተቀምጦ ከፍራንስዋ ቲዬሪ ዘንድ የፈረንሳዮቹን አሠራር ተማረ፤ በምላስ የሚርገበገቡትን ቧንቧዎች ጉልበትና ዜማን ለብቻው አጉልቶ የሚያወጣውን የ«ኮርኔ» ረድፍ ጭምር። ይህን እውቀት ለወንድሙ አስተላለፈ። ጎትፍሪድ በ1710 ወደ ሳክሶኒ ሲመለስ ይዞ የሄደው የፓሪስን ቀለም ነው፤ አገር ቤት የጠበቀው ደግሞ የሳክሶኒ ልማድ፣ በእግር የሚጫወቱት የወፍራም ድምፆች ክብደት ነበር። የዚልበርማን ድምፅ የሚባለው ከዚህ ጋብቻ የተወለደ ነው። ይህን የማነሣው አንድ የተለመደ ሐሳብ ስለሚያፈርስ ነው። ወጥ የሆነ ነገር ሁሉ ከውጭ ያልተነካ ይመስለናል፤ የዚህ ቤት ወጥነት ግን የተጀመረው ከተዋሰ በኋላ ነው።

ጎትፍሪድ እንደተመለሰ የተቀበለው ትልቅ ሥራ የፍራይበርግ ካቴድራል ኦርጋን ነው። ፍራይበርግ የብር ማዕድን ከተማ ናት። ዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ከብር ሌላ ቲንም የሚቆፈርባቸው ነበሩ፤ ቲን ከእርሳስ ጋር ተቀላቅሎ ለቧንቧ የሚሆነውን ብረት ይሰጣል። ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ በአገሩ ገና አንድም ትልቅ ሥራ ያላስመረቀ ሰው ሦስት የእጅ ቁልፍ ሰሌዳና የእግር ቁልፎች፣ 44 ረድፎችና ከ2500 በላይ ቧንቧዎች ያሉት መሣሪያ እንዲሠራ ውል ሲሰጠው ከተማው በጭፍን አላመነውም። ንድፉ ከባኽ በፊት በላይፕሲግ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ለነበረው ዮሐን ኩናው ተልኮ አስተያየት ተሰጠበት። በ1714 ሥራው ሲያልቅም መርማሪ ሆኖ የመጣው ያው ኩናው ነው። በኦገስት ተመረቀ። ያ ኦርጋን ዛሬም በቦታው ቆሞ ይጫወታል፤ ቅኝቱ ከዛሬው መለኪያ ከግማሽ ድምፅ በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር አብሮ ሊጫወት የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚቸገርበት በዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለተራኪ አይመችም። ጎትፍሪድ በ1711 ፍራይበርግ ላይ የሥራ ቤት ከፍቶ እስከ ሕይወቱ ማብቂያ ገደማ እዚያው ቆየ፤ አላገባም፤ 50 ያህል ኦርጋን ሠራ። ሁሉም ማለት ይቻላል በሳክሶኒና በአካባቢዋ ናቸው። ለመንደር አንድ ሰሌዳ ያለው ትንሽ ኦርጋን፣ ለአነስተኛ ከተማ ሁለት ሰሌዳና ሃያ ወይም ሠላሳ ረድፍ ያለው፣ ለትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ባለ ሦስት ሰሌዳ። በየዓይነቱ ውስጥ የረድፎቹ ዝርዝር፣ የቧንቧዎቹ ስፋት፣ የንፋስ ሳጥኑ አሠራር በጣም ይቀራረባል። ሬታ፣ ራይንሃርድስግሪማ፣ ፖኒትስ፣ ግሮስሃርትማንስዶርፍ፣ ፍራውሮይት… ስማቸው ከአገራቸው ውጭ የማይታወቅ መንደሮች ከመናገሻ ከተማዋ ድሬስደን ያላነሰ ጥራት አገኙ። ለመንደር ተብሎ የሳሳ ቲን፣ ለገበሬ ተብሎ የቀለለ እንጨት አልነበረም። እኔ ከፍራይበርጉ ታላቅ ኦርጋን ይልቅ የሚያስገርሙኝ እነዚህ ናቸው። ለካቴድራል ጥሩ መሥራት የሚጠበቅ ነው፤ ስም የሚያስጠራውም እሱ ነው። ማንም ታዋቂ ሙዚቀኛ ሊሰማው ለማይመጣ መሣሪያ ያንኑ ያህል መጨነቅ ግን ሥርዓት ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ደጋግሞ መሥራት የሐሳብ ድርቀት አይደለም ወይ? ከባድ ምስክሮችም አሉት። ጎትፍሪድ ኦርጋኖቹን የሚቃኘው በአሮጌው ልማድ ነበር፤ በብዛት የሚዘወተሩት የድምፅ መነሻዎች ጥርት ብለው እንዲሰሙ ጥቂቶቹን ይሠዋ ነበር፤ ወደ ተሠዉት የሚሻገር ሙዚቃ ጆሮ ይጎረብጣል። ጌዮርግ አንድሬያስ ዞርገ የተባለ የሙዚቃ ሊቅ በ1748 በአደባባይ ነቀፈው። ባኽ ደግሞ ከአንዱ መነሻ ወደ ሌላው ያለ ገደብ የሚዘል ደራሲ ነበር፤ ከሙዚቃው ተነሥተው ከዚልበርማን ይልቅ የሒልደብራንት የናውምቡርግ ኦርጋን ለባኽ ምርጫ ይቀርባል የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «የባኽ ኦርጋን ሠሪ» የሚለውን ማዕረግ ለዚልበርማን መስጠት ለቱሪስት መጽሔት ካልሆነ አይበጅም። ባኽ በዲሴምበር 1 ቀን 1736 በድሬስደን በፍራውንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን የዚልበርማንን አዲስ ኦርጋን መጫወቱ እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ መጫወት ግን መምረጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው የሚመታው ጎትፍሪድ የቆመበትን ቦታ እንጂ የአሠራሩን ሥርዓት አይደለም። ለዚህ ማስረጃው የፒያኖው ጉዳይ ነው። ጎትፍሪድ በጀርመን ምድር ፒያኖ ከሠሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የባኽ ተማሪ የነበረው አግሪኮላ እንደጻፈው ባኽ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ሞክሮ ድምፁን አመሰገነ፤ ነገር ግን ቀጫጭኖቹ ድምፆች ደካማ ናቸው፣ ቁልፉም ለጣት ይከብዳል አለ። ዚልበርማን ተቀየመ። ቅያሜው ረጅም ጊዜ ቆየ። ሆኖም መሣሪያውን መሸጥ ትቶ ጉድለቱን ለማረም ለዓመታት ደከመ፤ በመጨረሻም ባኽ ራሱ ሙሉ በሙሉ ወደደው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ በርካታዎቹን ገዛ፤ ባኽ በ1747 በፖትስዳም ቤተ መንግሥት ተጫወተባቸው፤ በ1749 ደግሞ ለአንድ የፖላንድ ባላባት የዚልበርማንን ፒያኖ ወኪል ሆኖ ሸጠ። ሐሳብ የደረቀበት ሰው እንዲህ አያደርግም። ጎትፍሪድ ለመለወጥ ዝግተኛ ነበር እንጂ ደንቆሮ አልነበረም፤ ያልጨረሰውን ነገር ወደ ገበያ ላለማውጣት ትዕግሥት ነበረው። በኦርጋን ቅኝት ግን ግትር እንደሆነ ሞተ፤ በዚህ ዞርገ ትክክል ነበር ብል ክርክሬ አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ይህ ሁሉ ወጥነት የተጠበቀው ገበያውን በመዝጋት አይደለምን? ሒልደብራንት በ1713 ለትምህርት ሲገባ በሳክሶኒም በአልዛስም ለራሱ እንዳይሠራ የሚያስገድድ ውል ፈርሞ ነበር። ሁለቱም አገሮች የዚልበርማን ቤት አገሮች ነበሩ፤ ማለትም ተማሪው የተማረውን የሚሠራበት ምድር አልተተወለትም። ጎትፍሪድ በ1723 ከሳክሶኒው ገዥ የቤተ መንግሥትና የአገር ኦርጋን ሠሪ የሚል ማዕረግ ሲያገኝ ክንዱ ይበልጥ በረታ። በዚያው ዓመት ሒልደብራንት በሽቶርምታል መንደር የራሱን ኦርጋን አስመረቀ፤ ምርቃቱ ላይ የተጫወተው ባኽ ነበር። የመምህርና የተማሪው የሕግ ሙግት ያለቀው ሒልደብራንት በመምህሩ ገበያ ላይ እንዳይገባ በሚያስር ስምምነት ነው። ይህን ማለስለስ አያስፈልግም፤ ጥበብን ለመጠበቅ ተብሎ የተደረገ ሳይሆን እንጀራን ለመጠበቅ የተደረገ ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ በራሱ ላይ የሚመለስ አንድ ፍሬ ነገር አለው። ክልከላው የዚልበርማንን ጥራት የፈጠረ ቢሆን ኖሮ በተከለከለው ሰው እጅ ጥራቱ በጠፋ ነበር። የናውምቡርግ ኦርጋን ግን ከመምህሩ ሥራዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም፣ በአንዳንድ ነገር የሚበልጥ ነው። እውቀቱ በስም ሳይሆን በአሠራር የሚተላለፍ ስለነበር ውሉ ሊያስቀረው አልቻለም። መምህርና ተማሪ ቆይተው ታረቁ፤ የጎትፍሪድ የመጨረሻ ሥራ በሆነው የድሬስደን ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ላይ ሒልደብራንት አብሮ ሠራ። ጎትፍሪድ በኦገስት 1753 ሥራው ሳያልቅ ድሬስደን ላይ ሲሞት የቀሩት ሰዎች ሒልደብራንትና ከስትራስቡርግ የመጣው የወንድም ልጅ ዮሐን ዳንኤል ነበሩ፤ በ1755 ተጠናቀቀ።

በስትራስቡርግ በኩል ያለው የቤቱ ቅርንጫፍ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ያቀርባል። አንድሬያስ ማርሙቲዬንና ኤበርስሙንስተርን የመሰሉ ዛሬም የሚደመጡ ኦርጋኖችን ትቶ በ1734 ሞተ። ልጁ ዮሐን አንድሬያስ ግን ከመሥራትም በላይ መዝጋቢ ነበር። ከ50 በላይ ኦርጋኖች ሠርቷል፤ የስትራስቡርግን ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ በ1741 ወደ አጎቱ አገር ሳክሶኒ ሄዶ ያየውን በጉዞ ማስታወሻ አስቀምጧል። በማስታወሻዎቹ የራሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሌሎችን ኦርጋኖች ሁኔታ፣ ማን ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተበላሸ ሁሉ አስፍሯል፤ ስለ ተፎካካሪዎቹ ሲጽፍ ምላሱ የለዘበ አይደለም። አብዛኛው የእጅ ባለሙያ እውቀቱን ይዞ መቃብር በሚወርድበት ዘመን ይህ ሰው ልኬትንና ሐሜትን በአንድ ደብተር ጻፈ። የዛሬ ጠጋኞች የአልዛስን ኦርጋኖች ሲከፍቱ የሚያመሳክሩበት ጽሑፍ ያላቸው በእሱ ምክንያት ነው። ሞዛርት በ1778 ስትራስቡርግ ሲያልፍ የተጫወተባቸው ኦርጋኖች የእሱ ነበሩ፤ አንደኛው ከነቤተ ክርስቲያኑ በ1870 የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ሲደበድብ ተቃጠለ።

ስለ መትረፍና ስለ መጥፋት ከተነሣ ሦስተኛውን ተቃውሞ ማምለጥ አይቻልም። ከጎትፍሪድ ኦርጋኖች ሠላሳ ያህሉ እስከ ዛሬ አሉ፤ የተረፉት ግን ጥሩ ስለነበሩ ሳይሆን መንደሮቹ ድሆች ስለነበሩ ነው የሚል አስተያየት አለ። ሀብታም ደብር በ19ኛው ምዕተ ዓመት አሮጌውን ጥሎ በዘመኑ ፋሽን አዲስ ያስተክል ነበር፤ ድሃው ያለውን ይዞ ቀረ። እውነት አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው። ድህነት የሚያቆየው የሚሠራ ነገር ብቻ ነው። በየእሑዱ ማገልገል ያለበት፣ በብርድና በሙቀት እንጨቱ የሚነፋና የሚኮማተር መሣሪያ ቶሎ ቶሎ የሚሰበር ቢሆን የጥገናው ወጪ ድሃውን ይበልጥ ያራቁተዋል፤ አንድ ቀን ቧንቧዎቹ ለብረታቸው ዋጋ ይሸጣሉ። በደንብ ደርቆ የተመረጠ እንጨት፣ የማይጎብጥ ወፍራም ቧንቧ፣ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት የውስጥ አቀማመጥ፦ ለመንደር አልቀነሰም ያልኩት ሰው ውጤቱን ያገኘው እዚህ ነው። ጦርነት ደግሞ ድሃና ሀብታም አይለይም። በ1917 የጀርመን መንግሥት ለጦር መሣሪያ ሲል የኦርጋኖችን የፊት የቲን ቧንቧ በየደብሩ ሰበሰበ። በፌብሩዋሪ 1945 ድሬስደን ስትቃጠል ባኽ የተጫወተበት የፍራውንኪርሸ ኦርጋን ከነሕንፃው ጠፋ።

ዚልበርማኖችን ለ20ኛው ምዕተ ዓመት ያስተዋወቀው ሐኪሙና ኦርጋን ተጫዋቹ አልበርት ሽዋይትዘር ነው። በ1906 ስለ ጀርመንና ፈረንሳይ የኦርጋን አሠራር ባወጣው ጽሑፍ የፋብሪካ ኦርጋኖችን ነቀፈ፤ ብዙ ንፋስ፣ ብዙ ጩኸት፣ ትንሽ ሙዚቃ እንደማለት ነው። በስትራስቡርግ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ ዮሐን አንድሬያስ በ1741 የሠራው ኦርጋን እንዳይጣል ብዙ ደክሞ አዳነው። ከዚያ የተነሣው ወደ አሮጌው የመመለስ እንቅስቃሴ በ1927 በራሷ በፍራይበርግ ጉባኤ አካሄደ። ደግ ሥራ ሠርቷል፤ ግን ጥፋትም አለበት። በእንቅስቃሴው ስም የተሠሩ ብዙ አዳዲስ ኦርጋኖች የዚልበርማንን የረድፍ ዝርዝር ገልብጠው ድምፃቸው የሚያቃጭል ቀጭን ሆነ። ዝርዝሩ በወረቀት ስለሚገኝ ለመቅዳት ይቀላል፤ በንፋሱ ግፊት፣ በቧንቧው ስፋትና ከአፉ ላይ በተደረገው የቢላ ሥራ መካከል ያለው ዝምድና ግን አሮጌውን ፈትቶ ሳይለኩ አይገኝም። ቅርሱን በስም የወረሱና በሥርዓት የወረሱ ሰዎች የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ልዩነት ፍራውንኪርሸ እንደገና ሲታነጽ በድሬስደን ወደ አደባባይ ክርክር ወጣ። አንዱ ወገን የዚልበርማን ኦርጋን እንደነበረ ይሠራ አለ፤ ሌላው ከባኽ ዘመን በኋላ የተደረሰውን ሙዚቃም የሚጫወት አዲስ መሣሪያ ይሁን አለ። ሥራው የተሰጠው ለስትራስቡርጉ ዳንኤል ኬርን ነው፤ አባቱ አልፍሬድ ኬርን በስትራስቡርግ ካቴድራል፣ አንድሬያስ ዚልበርማን በ1716 በሠራበት ቦታ ላይ በ1981 በዚልበርማን ስልት አዲስ ኦርጋን ያቆመ ሰው ነበር። በ2005 የተመረቀው የድሬስደን ኦርጋን ሦስቱ ሰሌዳዎቹ የዚልበርማንን ዝርዝር ይከተላሉ፤ አራተኛው ሰሌዳ ደግሞ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የፈረንሳይ ስልት ተጨመረበት። የመጀመሪያዎቹ ተከራካሪዎች ይህን ክሕደት አሉት። በመርሕ ደረጃ ሐሳባቸው የጠነከረ ነው፤ የአንድ ኦርጋን ወጥነት ከአንድ ልኬት ይመነጫል፣ ሌላ ስልት ሲቀጠልበት ሁለቱም ይላላሉ። ሆኖም ከፍራውንኪርሸ ኦርጋን የተረፈ ቧንቧ አልነበረም፤ ሊገለበጥ የሚችለው በአብዛኛው ወረቀቱ ነበር፤ ወረቀት መገልበጥ የት እንደሚያደርስ ደግሞ ከላይ አይተናል። ስለዚህ ውሳኔውን አልኮንነውም። ዚልበርማንን ራሱን መስማት የሚፈልግ ሰው በዚያችው ከተማ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዶ የቤተ መንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። የዚያ ኦርጋን ቧንቧዎች በ1944 ተነቅለው ወደ ማሪየንሽቴርን ገዳም ተወስደው ስለነበር ከእሳቱ ተርፈዋል፤ በ1971 ወደ ቦታቸው ተመልሰው 47ቱ ረድፎች አሁን ለቅዳሴም ለኮንሰርትም ይጫወታሉ።